ጠርዝ ብቻ የሆነ ደን

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ በሚወጣው መንገድ አመሻሹ ላይ ሁለት ዓይነት ወራጆች ይፈራረቃሉ። መጀመሪያ የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በገመድ አስረው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ጥበብ ቀሚስና ነጠላ በተሰቀለባቸው ሱቆች ፊት ቁልቁል ያልፋሉ። ሱቆቹ ተዘግተው፣ ታክሲው ቀንሶ፣ መንገዱ ጭር ሲል ደግሞ ጅቡ ይወርዳል። የሥጋ ቤት አጥንት፣ የሞተ የጋማ ከብት፣ ወንዝ ዳር የተጣለ ትርፍራፊ ሲፈልግ ያድርና ሊነጋጋ ሲል ወደ ዛፎቹ ይመለሳል። የመጨረሻው የቆርቆሮ አጥር ካለቀበት እስከ መጀመሪያው ባሕር ዛፍ ያለው ርቀት በብዙ ቦታ ጥቂት እርምጃ ነው። ቁጥቋጦ የለ፣ ሜዳ የለ፤ ከተማውና ደኑ ፊት ለፊት ተጋጥመው ቆመዋል።

ሌሊት የጅብ ጩኸት የሚሰማ የጉለሌ ነዋሪ «ደናችን አሁንም በሕይወት አለ» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሆኖም ስለ ደን ጤንነት ጅብን ምስክር አድርጎ መጥራት ያሳስታል። ጅብ ሁለቱንም ዓለም የሚበላ እንስሳ ነው፤ ቀን በደን ተኝቶ ሌሊት በከተማ ይኖራል። መብዛቱ የሚያሳየው ከተማና ደን የሚነካኩበት መስመር መርዘሙን ነው። ከዚያ መስመር ወደ ውስጥ ምን እንደቀረ ግን ምንም አይነግረንም። የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ይኸው ነው፦ ለዱር እንስሳት የአንድ ደን ዋጋ በሄክታሩና በችግኙ ቁጥር ብቻ አይለካም። ከጠርዙ የራቀ እምብርት አለው ወይ? ከሌላ ደን ጋር ይገናኛል ወይ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ካልተጠየቁ ቁጥሩ እያደገ እንስሳቱ ሊጠፉ ይችላሉ። የእኛ አገር የደን ወሬ ግን በአብዛኛው የቁጥር ወሬ ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ካስታወቀ ወዲህ በየክረምቱ የምንሰማው ስንት እንደተተከለ ነው። ችግኙ የት፣ ከምን አጠገብ፣ ከየትኛው ነባር ደን ጋር እንዲገጣጠም ታስቦ እንደተተከለ ሲነገር እምብዛም አንሰማም።

ሒሳቡን በጉለሌ መሬት ላይ መሥራት ይቻላል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች ላይ ያረፈ የ705 ሄክታር ይዞታ ነው። ይህ መሬት አንድ ወጥ ክብ ደን ነው እንበልና፣ የፀሐዩ፣ የነፋሱ፣ የውሻውና የሰው እግሩ ተጽዕኖ ከጠርዙ 100 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ብለን እንነሣ። ያን ጊዜ ጠርዝ የማይነካው እምብርት ወደ 614 ሄክታር ይሆናል። ያንኑ 705 ሄክታር እኩል በሆኑ 10 ክብ ቁራሾች ብንከፍለው እምብርቱ ተደምሮ ወደ 439 ይወርዳል። በ100 ቁራሾች ብንከፍለው ደግሞ የሚተርፈው 78 ሄክታር ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ሄክታር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው 705 ነው። ለሪፖርት አንድ ሄክታር ሳይጎድል፣ ውስጥ ደን የሚፈልግ እንስሳ ከመኖሪያው ከስምንት እጅ ሰባቱን ያህል አጥቷል። በእውነተኛው መሬት ላይ ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ ደን ክብ ሆኖ አያውቅምና። ገደል ይገባበታል፣ የእግር መንገድ ይሰነጥቀዋል፣ የመኪና መንገድ ሲጨመርበት ከመሃሉ አዲስ ጠርዝ ይወለዳል።

ድፎ ዳቦ ሳይቆረስ ሲያድር ልቡ እንደለሰለሰ ይቆያል፤ ተቆራርሶ ሲያድር ግን እያንዳንዱ ቁራሽ በየፊቱ ይደርቃል። በደን ላይ የሚደርሰውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ባለበት መሬቱ ጥላ ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ነፋሱ ይሰበራል። በተቆረጠው ፊት በኩል ግን ፀሐይ በአግድም ትገባለች፤ የረገፈው ቅጠል ይደርቃል፣ ሥሩ ያሉት ትላትሎችና ነፍሳት ይቀንሳሉ፣ እነርሱን እየለቀሙ የሚኖሩ የወለል ወፎች ወደ ውስጥ ይሸሻሉ። ብርሃን ወዳድ አረም ይገባል። ቁራና ጭልፊት ከጠርዙ ላይ ሆነው ጎጆ ይቃኛሉ። ይህን በጊዜ ብዛት ከሁሉ በላይ ያስመሰከረው፣ ቶማስ ላቭጆይ እ.ኤ.አ. በ1979 በብራዚል ማናውስ ከተማ አቅራቢያ የጀመረው ጥናት ነው። ደኑ ለከብት ግጦሽ ሲመነጠር የ1፣ የ10 እና የ100 ሄክታር ቁራሾች ሆን ተብለው እንዲተርፉ ተደረገና ለዓሥርት ዓመታት ክትትል ተደረገባቸው። ከጠርዙ በ300 ሜትር ክልል ውስጥ ትላልቆቹ ዛፎች ከውስጠኛው ደን ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቱ። ከ100 ሜትር ያነሰ ባዶ ሜዳ እንኳ ለማቋረጥ የማይደፍሩ ወፎች እንዳሉም ታየ። ክንፍ ያለው ፍጡር ለመብረር አቅም ሳያጣ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ለመውጣት ፍርሃት ስለሚይዘው ብቻ በቁራሽ ደን ታስሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ትንታኔ ደግሞ በምድር ላይ ከቀረው ደን 70 በመቶው ከጠርዝ በ1 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ እንደሚገኝ አስልቷል። የጉለሌ ጉዳይ እንግዲህ የጉለሌ ብቻ አይደለም።

እንጦጦ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በተራራው ላይ ባደረጉበት ዘመን፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ ጽዱና ወይራው ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ተራራው ተራቆተ። ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባውም ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ ነው፤ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ከመዛወር ያዳናት እርሱ ነው ይባላል። ስለዚህ በባሕር ዛፍ ላይ የሚወርደውን ውግዘት ሁሉ መቀበል ይከብዳል። እርሱ ባይኖር ኖሮ በየገደሉና በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ የተረፈው ጽድ ዛሬ ባልኖረ ነበር። ነገር ግን ባሕር ዛፍ እንጦጦን መልሶ አረንጓዴ ቢያለብሰውም ለእንስሳቱ ቤታቸውን አልመለሰላቸውም። ከሩቅ አንድ ወጥ ደን የሚመስለው ሲቀርቡት ሌላ ነው፦ የባሕር ዛፍ ባሕር፣ በውስጡም እንደ ደሴት የተበተኑ የጽድ፣ የወይራ፣ የኮሶ፣ የቀጋና የአስታ ቁራጮች። የምኒልክ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ጃርትና ቀበሮ በዚህ መካከል ይኖራሉ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር እንጦጦን ከአገሪቱ 69 ጠቃሚ የወፍ ሥፍራዎች መካከል ያስገባውም፣ የደጋ ደን ወፎቻችን እዚያ በመገኘታቸው ነው።

ከእነዚህ ፍጥረታት መካከል በጠርዝ የሚከብር አለ፣ በጠርዝ የሚከስር አለ። ጅብ፣ ቁራና ርግብ ይከብራሉ። ቅርፊት እየቆረቆረ ትል የሚያወጣው፣ በእኛው ደጋ ብቻ የሚኖረው የአበሻ ግንደ ቆርቁር ግን ያረጀ ዛፍና የደረቀ ግንድ ይፈልጋል፤ በየጥቂት ዓመቱ እየተቆረጠ የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ ይህን አይሰጠውም። ከጽድና ከኮሶ ሥር በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ተሰውራ የምትዘምረዋ፣ ሳይንስ «ፓሮፋስማ ጋሊኒየሪ» ሲላት የቆየችው ግራጫ ወፍም ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የላትም። እርሷ ጎጆ የምትሠራበት ቁጥቋጦ ለማገዶ ሲመነጠርና ቅጠሉ በመጥረጊያ ሲሰበሰብ፣ ዛፎቹ እንደቆሙ ቤቷ ይፈርሳል። ድኩላውም ቢሆን ቀን የሚደበቅበት ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ካጣ የውሻ መንጋ ሲሳይ ነው። በእንጦጦ ዛሬ ዋናው አዳኝ አውሬ ምናልባት ከየሰፈሩ የሚወጣው ባለቤት አልባ ውሻ ሳይሆን አይቀርም፤ ውሻ ደግሞ የሚገባው በጠርዝ በኩል ነው።

መበጣጠስ እንስሳትን የሚገድለው ሁልጊዜ በቀጥታ አይደለም። አንዳንዴ አኗኗራቸውን እስከ ሥሩ ይለውጠዋል። ለዚህ የባሌ ጦጣ ከሌሎቹ የጎላ ማስረጃ ነው። አዲሱ መኮንንና የሥራ ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፣ ባሌ ውስጥ በኦዶ ቡሉ ያልተበጣጠሰ ደን ከሚኖረው ጦጣ ምግብ 77 በመቶው ቀርከሃ፣ በተለይም ለጋ ቅጠሉ፣ ሆኖ ተገኘ። ሲዳማ ውስጥ በቁራሽ ደኖች የቀሩት ወገኖቹ ግን ቀርከሃው ስለተመነጠረባቸው ቁጥቋጦ፣ አረምና የገበሬ ሰብል ይበላሉ፤ ከሌሎች ጦጣዎች ጋር መዳቀላቸውም በዘር ምርመራ ታየ። ይህን የሚያነብ ሰው «ጎበዝ ነው፣ ተላምዷል» ሊል ይችላል። መላመዱ እውነት ነው። ዋጋው ግን ከገበሬ ጋር ጠላትነትና የራስን ዘር ቀስ በቀስ ማጣት ሆኗል። የጅቡም ነገር እንዲሁ ነው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና ትርፍራፊው ሲጠፋ ጅቦች ወደ አህያ ማደን እንደሚዞሩ አሳዩ። በዓይነ ምድራቸው የተገኘው የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ ወቅት 33.1 ደረሰ። የሰው የጾም አቆጣጠር የሚገዛው አውሬ የደን አውሬ ነው ለማለት ያስቸግራል። በጉለሌ የሚሰማው ጩኸትም ከዚህ ዓይነት እንስሳ ነው።

በዚህ ሙግት ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ከባድ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ከራሱ ከሳይንሱ መንደር የመጣ ነው። ካናዳዊቷ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ሌኖር ፋሪግ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ግምገማ፣ የመኖሪያው ጠቅላላ ስፋት ሳይቀነስ መበጣጠስ ብቻውን የሚያመጣውን ውጤት ለይታ መረመረች። ካገኘቻቸው 381 ጉልህ ውጤቶች መካከል 76 በመቶው አዎንታዊ ነበሩ፤ ትናንሽ ቁራሾች ተደምረው ከአንድ ትልቅ ደን የበለጠ የዝርያ ብዛት ሊይዙ ይችላሉ ማለት ነው። ሌሎች ሳይንቲስቶች በዓመቱ መልስ ሰጥተውበታል፣ እርሷም መልሳለች፤ ክርክሩ አልተዘጋም። የፋሪግን ሐሳብ በቁም ነገር መውሰድ ይገባል፤ ምክንያቱም ትናንሽ ቁራሾች ዋጋ ቢስ ናቸው የሚለውን አደገኛ ድምዳሜ ይከለክላል። «ይህቺ ጥግ ትንሽ ስለሆነች ትቆረጥ» የሚል ባለሥልጣን በእርሷ ጽሑፍ ድጋፍ አያገኝም። ይሁን እንጂ ግምገማው የሚናገረው ጠቅላላ ስፋቱ እንዳለ ሲቆይ ስለሚሆነው ነው። በጉለሌ ስፋት እንዳለ ቆይቶ ደን ብቻውን የተበጣጠሰበት ጊዜ የለም፤ መንገዱ፣ ሰፈሩና ግንባታው ሄክታሩንም ጥልቀቱንም አብሮ ይዞ ይሄዳል። ከዚያም በላይ ቁጥር ማንነትን ይደብቃል። አሥር የጠርዝ ወፎች መጥተው በአገራችን ብቻ የምትኖር አንዲት የውስጥ ደን ወፍ ብትጠፋ መዝገቡ ላይ የሚታየው የዘጠኝ ትርፍ ነው። ያቺ አንዷ ግን የምትተካበት ሌላ አገር የለም።

ጠርዝ ሀብት ነው የሚለው አስተሳሰብም አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው አልዶ ሊዮፖልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ ለአደን የሚፈለጉ እንስሳት በደንና በሜዳ መጋጠሚያ ላይ እንደሚበዙ ጽፎ ነበር፤ ለዚያ ዓላማም ትክክል ነበር። በአገራችንም በጥላ ሥር የሚለማ የደቡብ ምዕራብ ቡና ብዙ ዓይነት ወፎችን እንደሚያስተናግድ ተጠንቷል። እዚያው ጥናት ውስጥ ግን በወለል ቁጥቋጦ ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች በተፈጥሮ ደኑ ውስጥ በብዛት ይገኙ ነበር። ጠርዝ ከነበረው ላይ የሚጨመር ሲሆን ሀብት ይሆናል፤ እምብርቱን በልቶ ሲመጣ ግን ኪሳራ ነው። እንጦጦ ደግሞ ጠርዝ አጥሮት አያውቅም።

ሌላው ተቃውሞ፣ ደኖችን ማገናኘት በሽታንም ማገናኘት ነው የሚል ነው። ይህን በራሳችን ምድር አይተነዋል። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ከሰፈር ውሾች የተነሣ የእብድ ውሻ በሽታ የዌብ ሸለቆን ቀይ ቀበሮዎች ሲፈጅ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛው ገደማ አለቁ፤ ወደ ሌሎቹ መንጋዎች የሚሻገርበት መንገድም ሸለቆዎቹን የሚያያይዙት ጠባብ መተላለፊያዎች ነበሩ። ነገር ግን ወረርሽኙ የተገታውም እዚያው ላይ ነው፦ በመተላለፊያዎቹ ያሉ ጥቂት ደርዘን ቀበሮዎች ተከተቡና በሽታው ቆመ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ታትሟል። መተላለፊያው የታወቀና ጠባብ በመሆኑ ለመከላከያም አመቺ ሆነ። በአንጻሩ መተላለፊያ የሌላቸው ምን ሆኑ? የጮቄና የጉና ተራሮች ቀበሮዎች ዛሬ የሉም። በአንድ ጫፍ ላይ የቀሩ ጥቂት እንስሳት ሲያልቁ ከጎረቤት መጥቶ የሚተካቸው አልነበረም። በመላ አገሪቱ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ በማይሞሉበት ጊዜ ተነጥሎ መኖር ጥበቃ ነው ማለት አይቻልም። ውሻ መከተብ ይቻላል። የጠፋ መንጋ ግን በራሱ አይመለስም።

ከዚያም የሰው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ስለ ደን የሚጽፍ ሰው ለማን እንደሚጽፍ ማሰብ አለበት። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያሉት ሴቶች ቅጠል የሚጠርጉት ምጣድ ስለሚጠብቃቸው ነው። ቤት ፈላጊውም ቢሆን መሬት ወዳለበት ይሄዳል። እኔ የምለው ጥልቀት መጠበቅ ሰውን ከደን ከማባረር ይለያል ነው። የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች የሚያስተምሩንም ይህን ነው። ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው፤ የ5 ሄክታር ክብ ደን በላይኛው ሒሳብ ከጠርዝ የሚተርፍለት እምብርት ከሩብ ሄክታር ያነሰ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ በእነዚህ ደኖች ከብት እንዳይገባ ከልለው ሲያጠኑ የችግኞች መብቀል፣ መትረፍና ማደግ ጨመረ። በየቦታው ምእመናን ራሳቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ አጥር ሠሩ፤ ሰው ግን እንደ ወትሮው ይሳለማል፣ ይቀብራል፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል። የተለወጠው ነገር ጠርዙ ባለቤት ማግኘቱ ብቻ ነው።

ለጉለሌም ከዚህ የሚወጣ ሥራ አለ፤ አንዳንዱ ከተለመደው አስተሳሰብ ይቃረናል። ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ጠርጎ ማንሣት ትልቅ ስሕተት ይሆናል፤ ተራራውን ገላጣ ያደርገዋልና። የደን ተመራማሪው ደመል ተከታይና ባልደረቦቹ በሙኔሳ ሻሸመኔ እንዳሳዩት፣ በሰው የተተከለ ደን አጠገቡ የዘር ምንጭ ካለ በጥላው ሥር አገር በቀል ዛፎችን ሊያሳድግ ይችላል። ስለዚህ ሽግግሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ቢሄድ ይሻላል። ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው በነባሮቹ ቁራጮች ዙሪያ እየሰፋ እስኪገናኝ ይተከል፤ ቁጥቋጦውም እንደ ዛፉ ይቆጠር፤ የደረቀ ግንድ ቆሞ ይቅር። በሰፈሩ በኩል ያለው የውጭ ቀበቶ ግን ባሕር ዛፍ ሆኖ ይቆይና ለማገዶ በሥርዓት ይቆረጥ፤ ሴቶቹ በሕግ የታወቀ ድርሻ ያግኙበት። ያን ጊዜ ባሕር ዛፉ ለውስጠኛው ደን ነፋስና ፀሐይ መከላከያ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ብዙ የከተማ ሰው ወደ ተራራው አምጥቷል፤ ደን የሚወድ ሕዝብ ማፍራቱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ የሚጨመር መንገድ፣ ማረፊያና መብራት ግን በተነካው ጠርዝ ላይ እንጂ ባልተነካው እምብርት ውስጥ እንዳይሆን ወሰን ሊበጅለት ይገባል። ከተራራው የሚወርዱት የቀጨኔና የቀበና ወንዞች ዳርቻም አገር በቀል ቁጥቋጦ ከለበሰ፣ ወፎችን ወደ ከተማው መሃል የሚያደርስ መሥመር ይሆናል።

የሁሉም ቁልፍ ግን ከጉለሌ በላይ፣ ተራራው አናት ላይ ነው። አዲስ አበባ ከደቡብ በኩል ወደ ተራራው እየወጣች ነው፤ ሱሉልታና ቡራዩን ጨምሮ በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተዋቅረው ከወዲያኛው ወገን እያደጉ ነው። ጎጃም የሚወስደው አውራ ጎዳና ሰንሰለቱን አቋርጦ ወደ ሱሉልታ በሚወርድበት ቦታ ግንባታ መንገዱን ተከትሎ ከሁለቱም በኩል ቢገናኝ፣ የእንጦጦ ደን ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት ይቆረጣል፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ወጨጫ ተራራና ወደ መናገሻ ሱባ ደን አቅጣጫ ያለው ቀጭን ተስፋ ይዘጋል። ያ መሻገሪያ ገና ዛፍ በቆመበት ጊዜ በሁለቱም አስተዳደሮች ካርታ ላይ ለድኩላና ለወፍ ማለፊያ ተብሎ ቢከለል የሚጠይቀው ፊርማና የወሰን ድንጋይ ነው። ቤት ከተሠራበት በኋላ ግን የሰው ካሳ፣ የሰው እንባና የፍርድ ቤት ክርክር ይጠይቃል። ጽድ ደግሞ ጥላው ለድኩላ መደበቂያ እስኪሆን ድረስ የአንድን ሰው ዕድሜ ያህል ያስጠብቃል።